መካከለኛ ይግባኝ የለውም

በእኛ አገር ደም የተቃባ ሰው ጠመንጃውን ወልውሎ መንገድ ዳር ይሸምቃል። እኔ የሸመቅኩት ቢሮ ውስጥ ነው፤ ከጠላቴ ጠረጴዛ ሦስት እርምጃ ርቄ፣ ሻይ እየጠጣሁ፣ ማኅተም እየመታሁ። ጠላቴ የፋብሪካችን የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊ ነበር። ፊት ለፊት «እርስዎ» እለው ነበር፣ ጠዋት ሲገባም ብድግ እልለት ነበር። እዚህ ግን በራሴ ወረቀት ላይ ነኝና አንቱ አልለውም።

ፋብሪካው ከአዘዞ ወደ ጠዳ በሚወስደው መንገድ ዳር የቆመ የኑግ ዘይት መጭመቂያ ነበር። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው የገባሁት። ኑጉ በጆንያ ይገባል፣ ዘይቱ በበርሜል ይወጣል፣ ዘይቱ የወጣለት ፋጉሎ ደግሞ ለከብት መኖ ይሸጣል። ሽታው ከልብስ አይለቅም። ታክሲ ስሳፈር ከጎኔ የተቀመጠ ሁሉ መስኮት ይከፍት ነበር።

ከሽታው ይልቅ የሚያስጨንቀን የነገውን አለማወቃችን ነበር። ዝናቡ ያለጊዜው ከቆመ ኑግ የለም። ኑግ ቢኖርም ነጋዴው ዋጋ ይጨምራል ብሎ ከደበቀው ያው የለም ማለት ነው። ኑጉ ተገኝቶ መብራት ሊጠፋ ይችላል። መብራቱ መጥቶ ደግሞ አንድ ብሎን ይሰበርና መለዋወጫው እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ቁጭ ነው። ማሽኑ ብዙ ከቆመ ሰው ይቀነሳል። ስለዚህ ሁላችንም አንድ ጆሯችንን ማሽኑ ላይ አድርገን ነበር የምንኖረው፤ ድምፁ ሲለወጥ የያዝነውን ጥለን ወደ እሱ እንሮጣለን።

እኔና ጓደኛዬ አንድ መጭመቂያ ላይ ነበርን፣ በተለያየ ፈረቃ። እሱ ከጥንት ጀምሮ በንግድ ከሚታወቁት የጎንደር ሙስሊም ቤተሰቦች የተወለደ ነው። አባቱ አራዳ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ነበራቸው፤ እሱ ግን «ሜትር ይዤ ከምቆም ማሽን ይሻለኛል» ብሎ ፋብሪካ ገባ። እኔ የድጓ መምህር ልጅ ነኝ። ሁለታችንም በዓል የሚበዛብን ሰዎች ነበርን፣ ፋብሪካው ደግሞ በዓል አያውቅም፤ ኑግ በተገኘ ቀን ይሠራል። ስለዚህ ገበሬ እርሻውን በወንፈል፣ ዛሬ ያንተን ነገ የእኔን እየተባባለ፣ እንደሚያርስ እኛም ፈረቃችንን በወንፈል አደረግነው። ለእኔ ቁስቋም፣ ሚካኤልና ኪዳነ ምሕረት ሲሆን እሱ በእኔ ቦታ ይቆማል። ለእሱ ዓርብ ቀትር፣ አረፋና መውሊድ ሲሆን እኔ በእሱ ቦታ እቆማለሁ። መተካካታችንን የሚጽፈው የለም፣ የሚቆጥረውም የለም። ሌሎቹም አይተው ጀመሩ። ፎርማኑ ማሽኑ እስካልቆመ ድረስ ማን እንደቆመበት አይጠይቅም ነበር። በስድስት ዓመት ውስጥ መጭመቂያችን አንድ ቀን እንኳ ያለ ሰው አልቀረም።

ስለ አባቴ እዚህ ላይ መናገር አለብኝ፤ ጥፋቱ የጀመረው ከእሱ ቤት ነውና። አባቴ ተማሪን አመስግኖ አያውቅም። ተማሪው ሳምንት ሙሉ ለፍቶ፣ አንዲት ግድፈት ሳይኖርበት ቢያዜም እንኳ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማና «ደኅና ነው፣ ገና ነህ» ይለዋል። ያ የመጨረሻው ምስጋና ነበር። ከዚያ በላይ ማለት ውዳሴ ከንቱ ነው፤ የተመሰገነውን በትዕቢት ይጥለዋል፣ ያመሰገነውንም ያስጠይቀዋል። ለእናቴም እንደዚያው ነበር። ወጧ ሲጣፍጠው «ይበላል» ይላል፣ እሷም ያን ቀን ፊቷ ሲበራ ይውላል። እኔ በዚህ ሚዛን አደግሁ። ሰውን «በጣም ጥሩ ነህ» ማለት ዓይን አውጣነት ይመስለኝ ነበር።

ሰውዬው፣ ያ ጠላቴ ያልኩት ኃላፊ፣ የመጣው በሰባተኛው ዓመት ነው። የመካነ ብርሃን ገበሬ ልጅ፣ ደገኛ፣ ረጅም፣ ኮቱን በግንቦት ሙቀት እንኳ የማያወልቅ። ከእጁ አንድ ክላሰር አይለይም። የመጣ ሰሞን ሁላችንንም መጋዘን ውስጥ ሰብስቦ ስለ ዘላቂ የሰው ኃይል አያያዝ አስተማረን። ፋብሪካው ነገ ምን እንደሚገጥመው አይታወቅም፤ ስለዚህ ምንም ቢመጣ የሚዘልቀው ሠራተኛ ማን እንደሆነ ከዛሬ መለየት አለበት፤ የሚለየውም በዝምድና ሳይሆን በምዘና ነው አለን። ጆንያ ላይ ተቀምጠን አጨበጨብን። ለምን እንዳጨበጨብን እግዜር ይወቅ።

ከዚያ ፎርም አደለን። እያንዳንዱን ሠራተኛ ሦስት ሰው ይመዝነዋል፤ ፎርማኑ፣ አንድ የሥራ ባልደረባና ራሱ ኃላፊው። ቁጥር አይጻፍም። ከአምስት ቃል አንዱ ይመረጣል፤ በጣም ጥሩ፣ ጥሩ፣ መካከለኛ፣ ደካማ፣ በጣም ደካማ። ጥያቄዎቹ ለጠንቋይ የሚቀርቡ ይመስሉ ነበር። «ጥሬ ዕቃ ቢጠፋ ይህ ሠራተኛ ይዘልቃል?» «የሥራው ጠባይ ቢለወጥ አብሮ ይለወጣል?» እኔ የጓደኛዬ መዛኝ ሆንኩ፣ እሱም የእኔ።

የጓደኛዬን ፎርም ቤት ወስጄ በጥንቃቄ ሞላሁት። ከማውቃቸው ሠራተኞች ሁሉ የሚበልጥ እሱ ነበር። ብሎን መላላቱን ማሽኑ ሳይከፈት ከድምፁ ብቻ ያውቃል። ግን ነገ ይዘልቃል ወይ ሲሉኝ፣ የነገን ማን አየው? በየመስመሩ «መካከለኛ» እያልኩ ወረድኩ። እንዲያውም ልቤ ሞቅ ብሎት ነበር፤ በአባቴ ሚዛን ይህ ትልቅ ሹመት ነው። ወዳጄን በሚገባ ያከበርኩ መስሎኝ ፎርሙን አጥፌ መጽሐፍ ውስጥ ከተትኩት።

በዚያው ዓመት የክረምቱ ዝናብ ቀድሞ ቆመና ኑጉ ማሳ ላይ ደረቀ። ኅዳር ሲገባ የሚመጣ ኑግ እንደሌለ ታወቀ። ሰው ሊቀነስ ነው ተባለ፤ በማን ላይ እንደሚወድቅ ግን አልተነገረንም። እኔ እንደ ወትሮዬ ለቁስቋም ቀረሁ። ጓደኛዬም እንደ ወትሮው በእኔ ቦታ ቆመ። በማግስቱ ጠዋት የፋብሪካው ዘበኛ፣ ሽማግሌ ባላገር ነው፣ በሩ ላይ እጄን ያዘኝ።

«ምነው ትናንት ቀረህ?» አለኝ።

«ቁስቋም አልነበረም እንዴ፣ አያ?»

«ጓደኛህን በስም ጠርተው አስወጡት። ያ ረጅሙ ሰውዬ ወረቀት ይዞ እዚህ ግቢ መሀል ቆሞ አነበበው። ልጁ ዘይት በዘይት እንደሆነ መጣ፤ ስሙን ሲሰማ እጁን ጠረገና ቆመ። ሸጋ ልጅ ነበር እኮ።»

«ምን አለ ታዲያ?»

«ምንም። ማሽኑን ለማን ልተወው ብሎ ጠየቀ እንጂ።»

በእኔ ፈረቃ፣ በእኔ ቦታ ቆሞ ነው የተባረረው። ከሥራ እንደወጣሁ ቤቱ ሄድኩ። አልተቆጣም፣ አላለቀሰም። በሩ ላይ ቆሞ «በግራ በኩል ያለው ብሎን ላልቷል፣ ነገ ሳታየው ማሽኑን እንዳታስነሣ» አለኝ። አየሁት፤ እንዳለው ላልቶ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሰውዬው አስጠራኝ። ወንበር ሰጠኝ፣ ክላሰሩን ከፈተና ሁለት ፎርም ጎን ለጎን አስቀመጠ።

«አንተና እሱ እኩል ነበራችሁ» አለኝ። «መቅረታችሁ እኩል ነው። የፎርማኑ ቃል እኩል ነው። የእኔም እኩል። ከሁለታችሁ አንዳችሁ መውጣት ነበረባችሁ፤ የለያችሁ የባልደረባ ቃል ብቻ ነው። እሱ አንተን ከላይ እስከ ታች በጣም ጥሩ ብሎ ሞልቶታል። ጓደኝነት ነው፤ ያም ሆኖ ሕግ ነውና ቆጠርኩት። አንተ ግን ሚዛንህ ቀና ነው። የሰው ፊት አይተህ አታደላም። እንዳንተ ያለ ሰው ቢሮዬ ውስጥ እፈልጋለሁ።»

በወንፈል የቆምንባቸው ቀናት መዝገብ ላይ አልነበሩም፤ ለሁለታችንም የተመዘገበልን መቅረታችን ብቻ ነበር። ይህን ልነግረው እችል ነበር። ፎርሙን የሞላሁት በአባቴ ቤት ሚዛን እንደሆነም ልነግረው እችል ነበር። አልነገርኩትም። ሚስቴ ነፍሰ ጡር ነበረች፣ ማሽኑ ሊቆም ነው፣ ቢሮ ደግሞ አይቆምም። በሳምንቱ ቱታዬን አውልቄ ሸሚዝ ለብሼ ከሰውዬው ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። ለአባቴ ስነግረው «ይሁን» አለ።

መዝገብ ቤቱን ሳገላብጥ አንድ ነገር ተማርኩ። ባልደረባውን ደካማ ብሎ የሚሞላ ሰው ማስረጃ ማያያዝ አለበት። ደካማ የተባለውም ሠራተኛ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ መከራከር ይችላል። ለመካከለኛ ግን ማስረጃ አይጠየቅም። የተባለውስ ሰው ምን ብሎ ይከራከራል? ማንም አልሰደበው፣ ማንም አልከሰሰው። ጓደኛዬን ደካማ ብዬው ቢሆን ኖሮ ኮሚቴው ፊት ቆሞ፣ ፎርማኑን አስመስክሮ፣ በሁለት ሳምንት ይመለስ ነበር። መካከለኛ ይግባኝ የለውም።

ይህን ያወቅሁ ዕለት ሰውዬውን ጠላሁት። ፍርድ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ቃሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባል የለ? ግን ሰው ራሱን ጠልቶ እንዴት ይዘልቃል፤ አብሮት ያድራል፣ አብሮት ይነሣል። ሰውዬውን ግን ከጠዋት እስከ ማታ ፊት ለፊቴ አገኘዋለሁ። ፎርሙን ያመጣው እሱ ነው። ግቢ መሀል ቆሞ ስም ያነበበው እሱ ነው። ለክህደቴ ወንበር የሰጠኝም እሱ ነው። ከሁሉም ያቃጠለኝ ይህ የመጨረሻው ነው። ባይሸልመኝ ኖሮ ምናልባት እተወው ነበር።

ትልቁ ቀን እስኪመጣ በጥቃቅኑ እበቀለው ነበር። የፋብሪካው ባለቤት ሊመጣ መሆኑን ዘበኛው ቀድሞ ሲነግረኝ ለእሱ አልነግረውም። ስብሰባ ሲኖር እግሩ የሚንገዳገደውን ወንበር በእሱ ቦታ አደርገዋለሁ፤ ንግግሩ መሀል ላይ ዘመም ሲያደርገው ደስ ይለኛል። ኮቱን ጀርባው ላይ ኖራ ሲነካው የሚነግረው ሰው ሌላ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። አንድ ጊዜ ባሕር ዳር ለሥልጠና የተጠራበትን ደብዳቤ፣ ቀኑ እስኪያልፍ ድረስ ከመሳቢያዬ አላወጣሁትም። እያዘንኩ መስዬ ስሰጠው «ይሻላል፣ መንገዱ ሰልችቶኛል» ብሎ ሳቀ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም፤ በቀሌ እንደዚህ ቀልሎ ሲያልፍለት ማየት ያንገበግባል። እሱ ምንም አይጠረጥርም ነበር። ልጆቼን በስም እየጠራ ደኅንነታቸውን ይጠይቀኛል፣ እኔም እስቅለታለሁ። የሚስቀው ጥርሴ ነው፣ ሆዴ አይደለም።

ጓደኛዬ ወደ አባቱ ሱቅ ተመለሰ፤ አባቱ ካረፉ በኋላም ሱቁን እሱ ያዘው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አራዳ ወርጄ ከባንኮኒው ጎን ተቀምጬ ሻይ እጠጣለሁ። ስለዚያ ፎርም አንድ ቀን ጠይቆኝ አያውቅም፣ እኔም አልነገርኩትም። ሁልጊዜ ስወርድ ዛሬ ልንገረው እላለሁ፤ ሻዩን ጠጥቼ እመለሳለሁ። በዚያ ፈንታ ሰውዬውን አማለሁ። «የሥራውን ይስጠው» እላለሁ። ጓደኛዬ ጨርቅ እያጠፈ «ተወው» ይለኛል። እኔ ግን የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እያልኩ ራሴን ሳሟሙቅ እቆያለሁ። ሰው ሲሰማኝ የተባረርኩት እኔ እመስል ነበር።

ዓመታት እንዲህ ሄዱ። ፋብሪካው ከአንድ ባለቤት ወደ ሌላ ተዛወረ። ከዚያ ያ የሁከት ጊዜ መጣ። መንገድ ይዘጋል፣ ኢንተርኔት ይቋረጣል፣ ኑግ የጫነ መኪና መነሣቱ እንጂ መድረሱ አይታወቅም። ማሽኖቹ በሳምንት ሁለት ቀን ከሠሩ ብዙ ነው። አዲሱ ባለቤት ግማሹን ሠራተኛ ሊቀንስ ቆርጦ ነበር።

እዚህ ላይ ብዋሽ ደስ ይለኝ ነበር። ያስቆመው ሰውዬው ነው። ክላሰሩን ይዞ ባለቤቱ ዘንድ ገባና «ማንንም አንቀንስ፣ ሁሉም በየተራ በግማሽ ፈረቃ ይሥሩ። ኑግ የመጣ ቀን የሠለጠነ ሰው ከየት እናመጣለን?» ብሎ ሦስት ቀን ተከራክሮ አሳመነው። ተራውን ሲያወጣ ደግሞ እኔና ጓደኛዬ የጀመርነውን ወንፈል ደንብ አደረገው። በዓል ያለበትን የሌለበት ይተካዋል፤ መንገድ የተዘጋበትን ቅርብ ያለው ይተካዋል፤ የተተካካውም በሁለቱም ስም ይመዘገባል። መኪና ባልነበረባቸው ቀናት ከአዘዞ እስከ ጠዳ በእግሩ እየሄደ የሠራተኛውን ደኅንነት ይጠይቅ ነበር። አንድም ሰው ሳይወጣ ያን ዓመት ተሻገርን።

ይህን ሁሉ በዓይኔ አየሁ፣ የባሰ ጠላሁት። ያኔ የት ነበር ይህ ጥበቡ? ለጓደኛዬ ያልደረሰ ደግነት ለማንም ሲታደል ማየት ከክፋቱ ይልቅ ያቃጥላል። ሠራተኛው ሲመርቀው በሰማሁ ቁጥር ከእኔ የተሰረቀ ነገር ለሌላው ሲሰጥ ይመስለኝ ነበር።

በተከታዩ ዓመት ባለቤቱ «ሠራተኛው ከቆየ ኃላፊው ይቀነስ» ብሎ ተነሣ። ከኃላፊዎቹ መሀል የሚሰናበተውን ለመለየት አንድ ባለሙያ መጣ። ባለሙያው ወጣት ነው፣ ላፕቶፕ ይዟል። ትምህርቱ ግን ሰውዬው መጋዘን ውስጥ ካስተማረን ጋር አንድ ነበር፤ ዘላቂነት፣ የማይታወቅ ነገ፣ አምስት ቃል። እያንዳንዱን ኃላፊ ሦስት ሰው ይመዝነዋል፤ ባለቤቱ፣ ባለሙያውና በቅርብ የሚያውቀው አንድ የበታች ሠራተኛ። የሰውዬው መዛኝ እኔ ሆንኩ። ራሱ ነው የጠቆመኝ።

ፎርሙን ተቀብዬ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልደብቀውም። «በአስቸጋሪ ጊዜ ሠራተኛን ጠብቆ የማቆየት ችሎታ» ይላል የመጀመሪያው መስመር። በጣም ጥሩ የሚለው ቃል ለእሱ ተለክቶ የተሰፋ ነበር። ደካማ ብዬ ብሞላ ማስረጃ አምጣ እባላለሁ፤ እሱም ቅሬታ ያቀርባል፣ ሠራተኛው ሁሉ ይመሰክርለታል። ይህን ያህል ዓመት መዝገብ ቤት የተቀመጥኩት ለዚህ አልነበረም። መካከለኛ አልኩ። ሁለተኛው መስመር ላይም መካከለኛ። እስከ ታች ድረስ ቀስ እያልኩ፣ ፊደሉን እያሳመርኩ ወረድኩ። ስጨርስ ወደ ምግብ ቤት ሄጄ ጥብስ አዘዝኩ።

ባለቤቱ ጥሩ ብሎት ነበር። ባለሙያው ሰውዬውን የሚያውቀው የአንድ ሳምንት ነው፤ «ቀርበው የሚያውቁት እርስዎ ነዎት» ብሎኝ የእኔን ቃል ተከትሎ ሞላ። ሲደመር ሰውዬው ከሁሉም ኃላፊዎች በታች ሆነ። ለጡረታው ሁለት ዓመት ቀርቶት ነበር።

ውጤቱን በሰማ ዕለት ወደ ጠረጴዛዬ መጣ። ይህን ቀን ስንት ዓመት ጠብቄዋለሁ። የሚለውንና የምመልስለትን ሁሉ አጥንቼ ነበር። እሱ ይቆጣል፣ ለምን ይለኛል፤ እኔ የጓደኛዬን ስም እጠራለታለሁ።

«ምን ጎደለኝ?» አለኝ። ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም።

«ምንም አልጎደለዎትም» አልኩት። «ደኅና ነው። መካከለኛ ነው።»

ራሱን ነቀነቀ።

«ከሌላ ሰው ቢመጣ እከራከር ነበር» አለኝ። «ከአንተ ከመጣ ግን እውነት ነው። አንተ የሰው ፊት አይተህ አታደላም። ለራሴ አልታወቀኝም እንጂ ደክሜ ይሆናል።»

ክላሰሩን ትቶ ጃንጥላውን ብቻ ይዞ ወጣ። የጓደኛዬን ስም ሳልጠራለት ቀረሁ። በቀልን ተበቃዩ ብቻ ካወቀው ምኑ በቀል ነው? ወጋሁት፣ እሱ ግን ቁስሉን እርጅና ብሎ ተቀበለው። ሳምንቱን ሙሉ ስብከነከን ሰነበትኩ። ዕቃውን ጠቅልሎ መካነ ብርሃን ወንድሙ ቤት መግባቱን ስሰማም አልረካሁም። ቢያንስ አንድ ሰው ማወቅ ነበረበት። ያ ሰው ጓደኛዬ ነው፤ በቀሉ የእሱ ነው ብዬ ነበርና።

ቅዳሜ አራዳ ወረድኩ። ጓደኛዬ ለአንድ ልብስ ሰፊ ገበር እየቆረጠ ነበር።

«ሰውዬውን አስወጣሁልህ» አልኩት ገና ሳልቀመጥ።

መቀሱን አላቆመም። «የቱን ሰውዬ?»

«አንተን ያስወጣህን።» ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት፤ ግማሽ ፈረቃውን፣ ባለሙያውን፣ በየመስመሩ የጻፍኩትን፣ ደካማ ያላልኩበትን ብልሃት። የድሮውን የራሴን ፎርም ብቻ ዘለልኩት።

ቆርጦ ጨረሰና መቀሱን አስቀመጠ። «ለእኔ ብለህ ነው ይህን የሠራኸው?»

«ለማን ይሆናል? የወጋ ቢረሳ የተወጋ…»

«የተወጋሁት እኔ፣ የማትረሳው አንተ» አለኝ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ያ ሰውዬ እዚህ መጥቶ ነበር። እኔ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ረመዳን ሊያልቅ ሲል። አሁን አንተ ያለህበት ቦታ ተቀምጦ አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ አለኝ። ስሜን ግቢ መሀል ማንበቡ ሲከነክነው ኖሯል። ጉድለቱ የሥራዬ እንዳልሆነ እንዳውቅ ብሎ ፎርሙንም ነገረኝ። ማን ምን ብሎ እንደሞላ።»

«ታውቅ ነበር?»

«ይህን ሁሉ ዓመት።»

«ምነው ታዲያ ዝም አልከኝ?»

«ምን ልበልህ? አባትህን አውቃቸው የለ። አንድ ቀን ቤታችሁ ስመጣ ስለ ሥራዬ ስታወራላቸው 'ይሠራል' አሉኝ፤ አንተ ሳምንት ሙሉ አባቴ አመሰገነህ እያልክ ኮራህብኝ። በእነሱ ቤት መካከለኛ ማለት ምርቃት ነው፣ ሳያውቅ ነው ብዬ ተውኩት። ሻይ ስትጠጣ ዓይንህ ሲሸሸኝ አያለሁ። ዛሬ ይነግረኛል፣ ነገ ይነግረኛል እያልኩ ጠበቅሁህ።»

ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል። ጨርቁን በክንዱ ላይ አጠፈው።

«ለሰውዬው የጻፍክለትስ?» አለኝ። «እሱም ምርቃት ነው?»

ባንኮኒው ላይ ያለውን መቀስ አንሥቼ መልሼ አስቀመጥኩት።

«ያኔ ሳታውቅ ነው» አለ። «ዛሬ ግን እያወቅህ፣ ያውም በእኔ ስም፣ እኔ አፉ ያልኩትን ሰው።» ጨርቁን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠ። «የዐስር ሶላት ደርሶብኛል» ብሎ የሱቁን በር ገርበብ ማድረግ ጀመረ። ወጣሁለት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሼ ሄድኩ። ምን ልለው እንደነበር አላውቅም። አንዲት ሴት ቀድማኝ ቆማ ነበር፤ እሷን አስተናግዶ ሸኘና ወደ እኔ ዞረ።

«ምን ልቁረጥልህ?» አለኝ።

በዚያ ሱቅ ደጃፍ ይህን ያህል ዓመት ስመላለስ ምን እንደምፈልግ ጠይቆኝ አያውቅም። መደርደሪያውን አየሁና አቡጀዲ አልኩት። ስንት ሜትር አለኝ። ሁለት አልኩት። ለካ፣ ቆረጠ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ።

ይህን የሚያነብ ሰው በሰውዬው ላይ በሠራሁት እንደተጸጸትኩ ይጠብቅ ይሆናል። አልተጸጸትኩም። እስከ ዛሬ እጠላዋለሁ፤ አሁንማ በሰው ስም ሳይሆን በራሴ ስም ነው የምጠላው። እዚያ ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብዬ መናገር የነበረብኝን ነገር ሰውዬው በሁለተኛው ዓመት ቁጭ ብሎ ተናግሮታል፣ ይቅርታውንም ተቀብሎ ሄዷል። ለእኔ የቀረኝ ሁለት ሜትር አቡጀዲ ነው።